እቴቴ ሁለቴ አይጣሩም

ልጅ ሳለሁ፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ቀያችን፣ የቤታችን ደጃፍ የእቴቴ አንጓች ግዛት ነበር። እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እናታችን ስትሞት እኔንና ታናሽ ወንድሜን ይበልጣልን ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። በየቅዳሜው ከበሩ ግራና ቀኝ ያለውን የጭቃ መደብ በእበት ይለቀልቁታል፣ ደጁን ውሃ አርከፍክፈው ይጠርጉታል፣ ሲመሽ ደግሞ ኩራዙን በመቃኑ ላይ ይሰቅሉታል። አባቴ ላምባው አለቀ ብሎ ሲያጉረመርም «መንገደኛ በምን አይቶ ይምጣ?» ይሉታል። ያኔ እኛ ቤት መብራት የሚበራው ለማናውቀው ሰው ይመስለኝ ነበር።

ተረት የሚነግሩንም እዚያው መደቡ ላይ ነው። ፍሙን በገል ያወጡና፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ አንዱን ተረት ሳይሰለቹ ይደጋግሙታል። እንግዳ የሚጠላ አንድ ባለጠጋ ነበር አሉ። ሰው እንዳይገባበት በሩን በየዓመቱ ያጠበዋል። መጀመሪያ እንግዳ ቀረ፣ ቀጥሎ ጎረቤት ቀረ፣ ኋላ እሱ ራሱ በጎኑ እየሾለከ መግባት ጀመረ። የሞተ ለት ቃሬዛው በበሩ አልወጣ አለና ቀባሪው ግድግዳ አፍርሶ አወጣው። ይበልጣል እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ይስቅ ነበር።

ከተረቱ በኋላ ሥርዓቱን ያስጠኑናል። እንግዳ በር አይመታም፤ በር የሚደበድብ ባለ ነገር ነው። እንግዳ ከደጅ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርግና «ቤቶች!» ይላል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሁለቴ መጣራት ነውር ነው። ወጥቶ «ይግቡ» ማለት የባለቤቱ ፈንታ ነው።

ይህን ሁሉ ከእኔ እኩል የሰማው ይበልጣል፣ አሁን በቅርቡ ፍኖተ ሰላም ላይ ቤት ሠራ። እኔም የምኖረው እዚያው ነውና ወስዶ አስጎበኘኝ። ደረጃው ሴራሚክ፣ ግራና ቀኙ የአበባ ማሰሮ፣ ከበሩ ሥር «እንኳን ደህና መጡ» የተጻፈበት ምንጣፍ። «ደጄ ገና ሲያዩት እንግዳን ይጥራ ብዬ ነው» አለኝ። ይህ ሁሉ ያለው ግን ከቁመቴ እጥፍ ከሚሆን የብረት በር ጀርባ ነው። ያኔውኑ ልናገረው ሲገባ ምንጣፉን አድንቄ ወጣሁ።

እቴቴ ቤቱን ሊመርቁ ድፎ ዳቦ በኮባ ጠቅልለው ከቡሬ በመኪና መጡ። ከብረቱ በር ፊት ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ቤቶች!» አሉ። ውስጥ ቴሌቪዥኑ ይጮሃል፤ ማን ይስማ? እሳቸው ግን ውስጥ ያሉት ሰምተው ያልወጡ መሰላቸው። ከግንባታ የተረፈ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

እኔ ስደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። እቴቴ አቧራው ላይ ተቀምጠው፣ ዳቦውን ቆርሰው፣ ልጅ ያዘለች አንዲት መንገደኛና አንድ የቀን ሠራተኛ ያበላሉ። «ብሉ እንጂ፣ የልጄ ደጅ ነው» ይሏቸዋል። በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት፤ ጎረቤት እስኪወጣ ደበደብኩት።

ይበልጣል በነጠላ ጫማ ወጣ። አያቸውና ደነገጠ። «እቴቴ! ደወል አለ እኮ፣ ምነው ቢጫኑት?»

«አንተ ለደወል ነው ያሳደጉህ?» አልኩት። «ተው፣ ዛሬ ክፉ ታናግረኛለህ!»

«ተይ አንቺ» አሉኝ እቴቴ። ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉ። «ሥራ ይዞት ይሆናል ብዬ ነው፣ እንግዶቹን አስተናገድኩለት።» ይበልጣል እጃቸውን ይዞ «ይግቡ» ብሎ ለመናቸው፤ የተረፈውን ዳቦ አስታቀፉትና «ሌላ ቀን፣ ልጄ። መኪናው ያመልጠኛል» ብለው ሄዱ። እኔ ነኝ የሸኘኋቸው።

ያ ሌላ ቀን እስካሁን አልመጣም። ጉልበታቸው ደክሞ ዛሬ ከመደባቸው ርቀው አይሄዱም። ይበልጣል እየሄደ ይጠይቃቸዋል፣ እሳቸውም ከደጅ ወጥተው «ግባ» ይሉታል። ይቅር ብለውታል። እኔ ግን አላልኩም። ቤቱ ስሄድ ደወሉን ነክቼው አላውቅም፤ በጡጫዬ እደበድበዋለሁ። ባለ ነገር ነኛ።