ጋሼ እና «ከምን ለየሽው?»

ጋሼ የምላቸው አጎቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጋምቤላ ከተማ ያስተማሩ ሰው ነበሩ። አንድ ሰው «ይሄ እንዲህ ነው» ካላቸው «ከምን ለየኸው?» ሳይሉ አያልፉም። ባሮ ዳር ዓሣ የሚሸጥላቸውን ሰው ሳይቀር ይጠይቁት ነበር።

ድካም ሲጫናቸው ሁላችንም ወባ መሰለን፤ ወባ ግን አልተገኘም። የብረት ክኒን ወሰዱ፤ ለውጥ የለም። ወጣቷ ሐኪም «ያው ደም ማነስ ነው፣ ጋሼ» ስትላቸው አጠገባቸው ተቀምጬ ፈገግ አልኩ።

«ከምን ለየሽው፣ ልጄ?»

ሐኪሟ ሳቀች። «እውነትዎን ነው። ቫይታሚን አንሶ ይሁን፣ መቅኔዎ ደርቆ ይሁን፣ ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ይሁን ገና አልለየሁትም» አለችና አዲስ አበባ ላከቻቸው።

እዚያ የአጥንት መቅኔ ናሙና ተወሰደ። ቫይታሚን አልጎደላቸውም። መቅኔያቸውም አልደረቀም፤ እንዲያውም ሞልቷል፣ ግን የሚሠራቸው የደም ሴሎች በወጉ ስለማይበስሉ ቶሎ ይሞታሉ። ውሎ አድሮ ሉኪሚያ ሊሆን ይችላል እንጂ ገና አልሆነም። ስሙ ማይሎዲስፕላስቲክ ሲንድረም ይባላል። ጋሼ ስሙን እንደ ተማሪ አጠኑት፤ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ልዩነቱን በደስታ ያስረዱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደም እየተሰጣቸው ቆዩ። ጎረቤቶቻችን፣ አኙዋኩም ኑዌሩም ደገኛውም፣ ደም እየለገሱላቸው ነበር። በሰርጌ ዕለት መሃል ገብተው እስክስታ ሲወርዱ «ቀስ ይበሉ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ተዪኝ፣ የጎረቤቶቼ ደም ነው፤ መቀመጥ አይወድም» አሉኝ።

በቅርቡ፣ ጋሼ ካረፉ በኋላ፣ በልጄ ክርስትና ከበሮው ሲመታ መሃሉ ለጥቂት ጊዜ ባዶ ቀረ። ከዚያ ደም ይለግሱላቸው ከነበሩት ጎረቤቶች አንዱ ተነስቶ ገባበት፤ እኛም አጨበጨብንለት።