የመኪናዬ ሦስተኛ ፔዳል

አጎቴ ዓይኑ ሲደክም መኪናውን ለእኔ ሰጠኝ። ባለ ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ የጃፓን ስፖርት መኪና ናት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ ተማሪዎቹ ከእኔ ይልቅ እሷን ነበር የሚቀበሏት። ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ስለነበረ ማርሽ የሚባል ነገር መቀየር አልለመድኩም።

ይህ አማቼን ያበሳጫቸው ነበር። የባለቤቴ አባት ዕድሜያቸውን በሙሉ ከደብረ ኤልያስ እህል እየጫኑ ማርቆስ ሲያራግፉ የኖሩ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከእኛ ጋር ይኖራሉ።

“አንዱ እግርህ ሥራ ፈት፣ አንዱ እጅህ ሥራ ፈት!” ይሉኛል ከጎኔ ተቀምጠው። “አንተ ነህ የምትነዳት ወይስ እሷ ናት የምትነዳህ?”

አንድ ቅዳሜ ዘመድ ጥየቃ ወደ ደብረ ኤልያስ ስንሄድ ዳገት ላይ መኪናዋ ቆመች። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይንቀሳቀስም። አንድ አይሱዙ በገመድ ጎትቶ ወደ ከተማ መለሰን።

የወሰድናት ጋራዥ ባለቤት ከዓመታት በፊት ያስተማርኳት ሴት ናት። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ደብተሯ ላይ ሞተር ስትስል ይዣት ከክፍል ያስወጣኋት ቀን ትዝ አለኝ። እሷም የረሳችው አትመስልም።

ከመኪናዋ ሥር ወጥታ እጇን በጨርቅ እየጠረገች፣ “መምህር፣ ይሄ ካምቢዮ አብቅቶለታል” አለችኝ። “እዚህ አገር የሚጠግነውም የለም። ከፈቀዱልኝ ግን አውጥቼ ማኑዋል እገጥምላታለሁ።”

“ማኑዋል መንዳት አልችልም እኮ!”

“ይማራሉ” አለች ሳቋን ለመዋጥ እየታገለች።

አማቼ ከኋላዬ፣ “ፈቅዷል! ጀምሪ ልጄ” አሉ።

መኪናዬን ከሠራው ፋብሪካ የወጣ የአንድ አሮጌ ፒካፕ ካምቢዮ ባሕር ዳር ተገኘ። አማቼ የድሮ ቱታቸውን ለብሰው በየጠዋቱ ጋራዥ ይውሉ ጀመር። የማርሹ ዘንግ የሚወጣበት ቀዳዳ ሊከፈት የመኪናዬ ወለል ሲቆረጥ እኔ ማየት አቅቶኝ ወደ ደጅ ወጣሁ፤ እሳቸው አጎንብሰው “ትንሽ ወደ ግራ” ይላሉ።

ትልቁ ችግር ከካምቢዮው እስከ ኋላ ጎማ የሚደርሰው ረጅሙ ዘንግ ነበር። አዲሱ ካምቢዮ ከአሮጌው ስለሚረዝም ዘንጉ ቶርኖ ቤት ሄዶ ማጠር ነበረበት። አማቼ በስንዝር ለኩ፤ ባለ ጋራዧ በሜትር። ሁለቱ አልስማማ ሲሉ “እኔ ላስላው” ብዬ ወረቀት ላይ ሠርቼ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር አስምሬ ሰጠኋት። ጥቂት አየችውና በእርሳስ አንድ ቦታ ከበበችበት።

“መምህር፣ መጋጠሚያውን ሁለት ጊዜ ቀንሰውታል። በዚህ ልክ ቢቆረጥ አይደርስም ነበር።”

ልክ ነበረች። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

“ያኔ ከክፍል ያስወጣሁሽ በስህተት ነው” አልኳት።

“ኧረ እኔም አላዳመጥኩም ነበር!” አለች። ሁለታችንም ሳቅን፤ አማቼ ግን ስንዝራቸው ለእሷ ቁጥር እንደሚቀርብ እየነገሩን ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁሉም ተገጥሞ አለቀ። ከብሬኩ በስተግራ ፍሪሲዮን የሚባለው ሦስተኛ ፔዳል ተጨምሯል። የሠፈሩ ሰው ተሰብስቦ እያየ ቁልፉን አዞርኩት። ዝም። ደግሜ አዞርኩት። አሁንም ዝም። አንዱ “ባትሪ ነው” ይላል፣ ሌላው “ጸበል ውሰዷት” ይላል። ባለ ጋራዧ ግን ከመሪው ሥር ገብታ ሁለት ሽቦዎች ይዛ ወጣች።

“አውቶማቲክ ሳለች ማርሹ ማቆሚያው ላይ ካልሆነ አትነሳም ነበር። እስካሁን እሱን እየጠበቀች ነው” አለችና ሽቦዎቹን አገናኘቻቸው።

ቁልፉን ሳዞር መኪናዋ ሁለት ጊዜ አስነጠሰች፤ ጭሷን ተፋችና ተነሳች።

“ይማርሽ!” አሉ አማቼ ጮክ ብለው። በልጅነታቸው ዲማ ቅኔ ቤት ገብተው የተማሩ ሰው ናቸው፤ ቃሉ ውስጥ የተደበቀውን ማርሽ እስክናገኘው ድረስ ፊታችንን ተራ በተራ እያዩ ጠበቁን።

መንዳቱን የተማርኩት ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ስንት ጊዜ እንዳጠፋኋት መቁጠር ትቻለሁ። አማቼ አንድም ቀን አልተቆጡኝም። “እግርህን አትንጠቀው። ሞተሩ ድምፁን ሲያወፍር ቀስ እያልክ ልቀቀው” ይሉኛል። በሁለተኛው ሳምንት፣ ባጃጅ ከኋላዬ ጡሩንባ እየነፋ፣ ዳገት ላይ ቆሜ ወደ ኋላ ሳልንሸራተት ተነሳሁ። ደስታዬ አሁን ለሌላ ሰው ስነግረው ያሳፍራል።

በሚቀጥለው እሑድ ያን የቀረ ዘመድ ጥየቃ ሄድን። ደብረ ኤልያስ መግቢያ ላይ አቆምኩና ቁልፉን ዘረጋሁላቸው።

“እኔ?” አሉ።

“መንጃ ፈቃድዎን እስከዛሬ የሚያሳድሱት ለምንድን ነው ታዲያ?”

ጋቢያቸውን አጣጥፈው ለእኔ ሰጡኝና መሪው ጋ ገቡ። አንድም ጊዜ አልተንገጫገጨችም። ገበያው ዳር ሲደርሱ ድሮ እህል ሲጭኑላቸው የነበሩ ሽማግሌዎች አወቋቸውና እጃቸውን አነሱ፤ አማቼም ጡሩንባውን ነፉላቸው። ዘመዶቻችን ምሳ አቅርበው በር ላይ ቆመው ሲጠብቁን፣ እሳቸው ፊት ለፊታቸው እጃቸውን እያወዛወዙ አልፈው የከተማዋን ሦስተኛ ዙር ጀመሩ።