ዕድሜዬን ያጋለጠች መንጋጋ

ትናንት ዘንድሮ የተዳረችው የልጅ ልጄ ጉንጯን ደግፋ መጣችና «እማማ፣ የመጨረሻዋ መንጋጋዬ እየወጣች ነው... ላስነቅላት ወይስ ልተዋት?» አለችኝ። ፊቴ በእፍረት ጋለ። እሷ ምን ታውቃለች!

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ቡሬ አጠገብ ባለች መንደር አዲስ ሙሽራ ነኝ። ዘመዶቼ ሲድሩኝ «ከባሏ ታንሳለች» ብለው ነበር። ውሸት ነው። ቆማ ቀረች እንዳይባል ብለው ነው እንጂ እኔ እበልጠዋለሁ።

በአገራችን ሙሽራ ለባሏ አባት ድምጿን አታሰማም፣ እሳቸው ፊትም አፏን አትከፍትም። ስለዚህ መንጋጋዬን ሲያመኝ ነጠላዬን አጥብቄ ዝም አልኩ። ጉንጬ አብጦ መደበቅ ሲያቅተኝ፣ ባሌ ለትምህርት ርቆ ስለነበር፣ አባቱ በቅሎ ላይ አስቀምጠው ቡሬ ክሊኒክ ወሰዱኝ። አማቴ ቄስ ናቸው፤ ለቀልድ እንኳ አይዋሹም።

የክሊኒኩ አካሚ፣ ድሬሰሩ፣ አፌን በባትሪ አየ።

«የመጨረሻዋ መንጋጋ ናት አባ። ቀጥ ብላ ነው የምትወጣ፣ ቦታም አላት። ድዱ ነው የተቆጣ፤ በጨው ውሃ ትጉመጥመጥ። መንቀል አያስፈልግም።»

«በዚህ ዕድሜዋ ደግሞ ምን ጥርስ ይበቅላል?» አሉ አማቴ።

ድሬሰሩ ሳቀ። «ኧረ አባ! ይችማ ብዙ ጊዜ ሃያ ዓመት ግድም ነው የምትመጣ።»

አማቴ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ... «የእኔው ልጅ እንኳ ገና አላወጣት!»

«ይንቀሉልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ጥርሷ ብትነቀል ዕድሜዬም አብሮ የሚነቀል መስሎኝ ነው። አማቴ ከእኔ የሰሙት የመጀመሪያ ቃል ይኸ ሆነ... መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አትነካም» አሉ ቄሱ። «ጤነኛ ጥርስ ምን በደለ?»

መንገዱን ሁሉ ወደ ኋላ ሳይዞሩ በቅሎዋን እየሳቡ ሄዱ። ዛሬውኑ ወደ አባቴ ቤት ይመልሱኛል ብዬ በነጠላዬ ውስጥ አለቀስኩ።

የባሌ እናት ደጅ ላይ ጠበቁን። «ምን አሉዎ?»

ቄሱ በእጃቸው የያዙትን መስቀል ኪሳቸው ከተቱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ...

«የወተት ጥርሷ ነው አሉ።»

ስንት ልጅ ያሳደጉት የባሌ እናት እኔን አዩ፣ ባላቸውን አዩ፣ ከዚያ ጨው ሊያመጡ ገቡ። እኔን ግን እፍረቱ ዓመቱን ሙሉ ቀና አላስባለኝም።

የቀሩት ጥርሶቼ ረግፈው ያቺ መንጋጋ ዛሬም አለች። ለልጅ ልጄም «ሐኪሙን ጠይቂው... ብቻ አማትሽን ይዘሽ እንዳትሄጂ» አልኳት።