ሳልጠይቅ የወጣሁት ዳገት

«ሰውዬ፣ አሣህም ወንበር ይዟል፤ የሁለት ሰው ትከፍላለህ!» አለ የሚኒባሱ ረዳት። ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ዳገቱን ወደ ሴቻ ልንወጣ ነበር። ከጫሞ ሐይቅ የመጣው ሰውዬ ማዳበሪያውን እንዳቀፈ፣ «የሞተ አሣ እኮ ነው፣ ወንድሜ» ቢለው፣ ረዳቱ «እኛ ሬሳ በነፃ አንጭንም!» ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ግን ተቆጣች። «አፍህን ያዝ እንጂ! ሐዘንተኛ ተቀምጣ አታይም?» አለችና ወደ እኔ ዞረች። የሰፈራችን ሰው ናት፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እንተዋወቃለን። «እግዜር ያጽናሽ፣ እህቴ። ምን ይደረጋል፣ የሁላችንም መንገድ ነው።»

«አሜን» አልኩ።

ማን እንደሞተብኝ አላውቅም ነበር።

ከድሬዳዋ መምጣቴ ነው። የዓመት ፈቃድ አግኝቼ፣ ድንገት ደርሼ ላስደስታቸው ብዬ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ቢጫ ቀሚስ ለብሼ። ሴትዮዋ ተረድቼ የመጣሁ መስሏታል። እኛ ዘንድ ርቆ ያለ ሰው መርዶውን በስልክ አይሰማም፤ ካለበት አገር ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ማለዳ በሩን አንኳኩቶ፣ አስቀምጦ ያረዳዋል። ወንድሜም ደንቡን አላጓደለም፤ ድሬዳዋ ላሉ የአገራችን ሰዎች ደውሎ አደራ ብሏል። እነሱ ሌሊት ተነሥተው በሬን ሲያንኳኩ፣ እኔ ናዝሬት አድሬ አውቶቡስ እጠብቅ ነበር።

«ማነው የሞተው?» ማለት ምን ይከብዳል? ከብዶኝ ነበር። ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ነው፤ የገዛ ቤቷን ሬሳ የማታውቅ ልጅ መባልን ፈራሁ። ደግሞም አስተዳደጌ ነው። ጎረቤት ሲታመም እናቴ ወንፊት ተዋሺ ብላ ትልከኝና፣ «ዓይንሽን ይዘሽ ሂጂ፣ አፍሽን እዚህ ተዪው» ትለኝ ነበር። በሽተኛው ተቀምጦ እንደሆነ፣ ምግቡ ተነክቶ እንደሆነ አይቼ እመለሳለሁ። ፊት ለፊት መጠየቅ ሟርት ነበር። በስልክም እንደዚያው። ለመጨረሻ ጊዜ ከቴሌ ስደውል፣ «ሁላችሁም ደህና?» አልኩ። «ተመስገን፣ ሁላችንም» አሉኝ ከቤት። «አባባስ?» «ገረሴ ወጥቷል፣ ዘመድ ጋ።» ምን ሊሠራ እንደወጣ አልጠየቅሁም። ለካ አባቴ ስልኩ ካለበት ክፍል አጠገብ ታሞ ተኝቶ ነበር።

በሚኒባሱ ውስጥም ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ። «ለቅሶው እንዴት ነው?» አልኳት።

«ኧረ ተዪው! ከገረሴ ሳይቀር ወርደው ድንኳኑ አልበቃቸውም።»

የአባቴም የእናቴም ዘመድ ገረሴ ነው።

«ሕመሙስ?»

«ብዙም አላንገላታ፣ ተመስገን ነው።»

ከዚህ በላይ መግፋት አልቻልኩም። ዓይኔን ጨፍኜ፣ «እመቤቴ፣ እናቴን ብቻ አታድርጊብኝ» እያልኩ ዳገቱን ወጣሁ። የጸሎቱ ሌላ ወገን አባቴ ነበር። ይህን አውቅ ነበር። አውቄም ደጋገምኩት።

ከሚኒባሱ እንደወረድኩ አንዲት ጎረቤታችን ከሩቅ አየችኝ። ቀሚሴን ስታይ ነገሩ ገባት። «ውይ በሞትኩት፣ ገና አልሰማችም!» ብላ እየጎተተች ወደ ቤቷ አስገባችኝና ቢጫውን በጥቁር ነጠላ ሸፈነችው። ወዲያው የአባቴን ታላቅ ወንድም ከነሽማግሌዎቹ ጠርታ አስመጣች። «ሰምቻለሁ» ማለት እችል ነበር። ግን ምን ሰማሽ ቢሉኝስ? ደግሞ ያቺ ደግ ሴት በመንገድ አረዳች ተብላ ልትወቀስ ነው። እንደማያውቅ ሰው ተቀመጥኩ።

«ልጄ፣ በርቺ። አባትሽ አርፏል» አሉኝ የአባቴ ወንድም።

ትንፋሼ ወጣ። እናቴ አለች። የመጀመሪያው ስሜቴ ይህ ነበር፤ እፎይታ። ፊቴ ሲፈታ ታወቀኝ። መርዶ ነጋሪ ደግሞ የሚወድቀውን ሰው ሊይዝ ፊት ፊቱን ነው የሚያየው። አጎቴ ያንን ሲያዩ አየኋቸው። ከዚያ በኋላ ነው የጮኽኩት፤ ዘግይቼ፣ ጮክ ብዬ። ሴቶቹ «ድንጋጤ ነው፣ እንባዋን ያዘባት» ተባባሉ። እኔም እንደዚያው ይሁን ብዬ ተውኩት።

ለንስሐ አባቴ ተናግሬ የሰጡኝን ስግደት ሰግጃለሁ። ከእግዚአብሔር ጋር ያለው በእሱ ቸርነት ነው። ከአባቴ ጋር ያለው ግን እንዳለ ነው። በየዓመቱ ለተዝካሩ ስመጣ፣ እናንተ የቤታችን ሰዎች «እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ነው ያረፈው» ትሉኛላችሁ። እኔም «ተመስገን» እላለሁ፤ ነገሩ በዚያው ይቀራል። ለአባቴ ማዘን የጀመርኩት በእናቴ መትረፍ ደስ ብሎኝ ነውና፣ ስለ እሱ ለመጠየቅ አፍ አጣሁ።

አሁን እጠይቃለሁ። አባቴን ያገላበጣችሁ፣ ውኃ ያጠጣችሁ፣ ስደውል በዚያ ቤት የነበራችሁ፦ ስልኩ ሲጮኽ እኔ መሆኔን አውቆ ነበር? «ገረሴ ወጥቷል» ሲባልልኝ ሰምቷል? ምን አለ? ጠርቶኝ ከሆነ ንገሩኝ፤ ካልጠራኝም ንገሩኝ። ሽማግሌ አትሰብስቡ፣ ማለዳ አትጠብቁ፤ በስልክ ይሁን፣ በገበያ መሐል ይሁን። አጎቴ፣ እርስዎም ያን ዕለት ፊቴ ላይ ያዩትን አይሸፍኑልኝ። ያየሁት ይህን ነው ይበሉኝ። ብቻ «ደህና ነበር» አትበሉኝ።