የዋንዛው ሳንቃና የሦስት ቀን መንገድ

ታላቅ ወንድሜ የሞተው በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ወባ ነው። ፎገራ ላይ ውኃው ሲሸሽ ወባው ይመጣል፤ በየዓመቱ እንዲያ ነው፤ ብቻ በየዓመቱ እኛ ቤት አይገባም ነበር። እኔ ያኔ ደብረ ታቦር አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። መልእክተኛ መጥቶ ነግሮኝ ወረታ ስደርስ ተቀብሯል። ስለዚህ የመጨረሻውን አላየሁም። ያየሁት ሳንቃዎቹን ነው።

አምስት የዋንዛ ሳንቃዎች ናቸው። በቤታችን ጓሮ፣ ከክዳኑ ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ወንድሜ አናጢ ነበር። የደብራችንን የሚካኤልን በር ምስጥ በልቶት፣ አዲስ እንዲሠራ ሽማግሌዎቹ ለእሱ ነበር የሰጡት። እንጨቱን ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ ሰንጥቆ፣ ክረምቱን ሙሉ በጥላ አደረቀው። በቀብሩ ዕለት አንድ ጎረቤት፣ ከዚህ ሳንቃ ሣጥን ይሠራለት ብሎ ነበር አሉ። እናቴ ከመሬት ተነሥታ በሳንቃው ፊት ቆመች። «የሚካኤል ነው» አለች። በሰሌን ተጠቅልሎ ተቀበረ።

አሁን ስለ መንገዱ ልጻፍ። ከዚህ መጀመር ነበረብኝ መሰለኝ።

በዚያው ክረምት፣ ለዕረፍት መጥቼ ሳለሁ፣ ወንድሜ ስለ ጥንቶቹ የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት ነገረኝ። በጣና ውስጥ ካለች አንዲት ደሴት ላይ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ምሰሶዋም፣ መስኮቷም፣ በሯም እንጨት ነው። በሩ ምስማር የለውም። ማጠፊያም የለውም። ከራሱ ከሳንቃው ከላይና ከታች ጉጥ ተጠርቦ ወጥቷል፤ ያ ጉጥ በተቦረቦረ እንጨት ውስጥ ይዞራል። የአያቶቻችን አያቶች የከፈቱት በር ዛሬም ይዞራል። ወንድሜ የእኛን በር እንደዚያ ሊሠራው ፈለገ። ከዚያ ሲመለስ ደግሞ ጣራ ገዳምን ሊያይ አስቦ ነበር።

«ኅዳር ላይ እንሄዳለን» አለኝ። «እኔ እለካለሁ፣ አንተ ትስላለህ።»

እሱ ፊደል አልቆጠረም። የሚለካው በገመድ ነው፤ በየልኩ ቋጠሮ እየጣለ። እኔ ፈተና አለብኝ አልኩት። ፈተናው በኅዳር አልነበረም። ዝም ብዬ ነው ያልኩት። የምንሄድበትን ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ትምህርት ቤቱ እስከ አርባው ፈቅዶልኝ ስለነበር ቤት ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ጧት የደብራችን ገበዝ መጡ። ገበዝ ማለት ቁልፉንም ንብረቱንም የሚጠብቁት ቄስ ናቸው። እናቴን አጽናንተው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሽማግሌዎቹ የቆርቆሮ በር ከጎንደር ይገዛ እያሉ ነው» አሉኝ። «እስከ ገና ለምኛቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ቃሌን አይሰሙም።»

«ሳንቃዎቹስ፣ አባ?»

«ሳንቃዎቹማ ምን ይሆናሉ። ለደጀ ሰላሙ መቀመጫ ይሆናሉ።»

እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው።

በማግሥቱ የወንድሜን የሥራ ባልንጀራ ፈልጌ ሄድኩ። ከወንድሜ ጋር አብሮ የሚጠርብ ሰው ነው፤ ቀልደኛ ነው፤ በዚያ ሰሞን ግን ቀልዱ ወዲያው ይቆረጥበት ነበር።

«በሩን ትሠራዋለህ?» አልኩት።

«እኔ የበረት በር ነው የማውቅ። ያንተ ወንድም የሚለው በር እሱ ጭንቅላት ውስጥ ነበር።»

«ብስልልህስ?»

መጥረቢያውን አስቀመጠ። «አይተህ ከሳልክልኝ እሠራዋለሁ። ላምም ብትስልልኝ እንኳ እሠራታለሁ።»

ያን ጊዜ መንገዱን ማቀድ ጀመርን። ቁጭ ብዬ በደብተሬ ጻፍኩ። በመጀመሪያው ቀን በዶሮ ጩኸት ከቤት፣ በሜዳው ወደ ሐይቁ ዳር። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ገና አልደረቀም፤ የርብ ወንዝ ውኃ የተኛበት ቦታ ስላለ ዞረን ነው የምንሄድ። ሐይቁ ዳር እናድራለን። በሁለተኛው ቀን በታንኳ ወደ ደሴቲቱ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መመለስ። በሦስተኛው ቀን ከወረታ በጭነት መኪና ወደ ጣራ ገዳም።

«ስምንት ሰዓት ተኩል?» አለ። «ሐይቁ ሰዓት አስሯል እንዴ?»

«እንዲያው ለግምት ነው።»

«እሺ ተማሪ። ጫማህንስ ጽፈኸዋል? በዚህ የከተማ ጫማ ታንኳ ላይ ከወጣህ ታንኳው የተሠራበት ደንገል ራሱ ይስቅብሃል።»

ሣቅን። ከሞቱ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ወዲያው አፈርን፤ እሱም መጥረቢያውን አነሣ።

ለእናቴ መንገር ቀረ። ማታ አልነገርኳትም፤ ፈራሁ። ጧት ጓሮ ተቀምጣ ስትፈትል ነገርኳት። ፀጉሯን ተላጭታ፣ ከል ለብሳ፣ ከሳንቃዎቹ አጠገብ ነበር የምትቀመጥ። ሁልጊዜ እዚያ ነው።

«ውኃ ላይ አትወጣም» አለች።

«እምዬ፣ በሩ...»

«አንዱን ወባ ወሰደው። አንዱን ለሐይቅ አልሰጥም። ቆርቆሮ ይግዙ።»

ይኸው ነው። አራት ቀን ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም። ያለ ፈቃዷ መሄድ እችል ነበር፤ ባልንጀራውም «ተደብቀን እንሂድ» ብሎኛል። ግን ያቺን ሴት፣ አንድ ልጇን በቀበረችበት መኸር፣ ደግሞ እኔን ደጅ ላይ ማስጠበቅ... አልቻልኩም። የወንድሜን የመለኪያ ገመድም ፈልጌ አጣሁት። የመሣሪያ ከረጢቱን ገለበጥኩ፤ መሮው አለ፣ መጋዙ አለ፣ ገመዱ የለም። ያለ እሷ ፈቃድ፣ ያለ እሱም ገመድ፣ እቅዱ በደብተር ላይ የተጻፈ ነገር ብቻ ሆነ።

በአምስተኛው ቀን ገበዙ መልስ ሊሰሙ መጡ። ጓሮ ተቀመጡ። እናቴ እንዝርቷን አላቆመችም። እኔ ምን እንደምላቸው ስላላወቅሁ ደብተሩን አውጥቼ አነበብኩላቸው። እንደማይሆን እያወቅሁ ነው ያነበብኩት። ቢያንስ አስበን ነበር ለማለት።

«ወደ ደሴቲቱ የምንሻገረው ኅዳር ሃያ ሦስት ነው» አልኩ። «የጽዮን በዓል ካለፈ በኋላ። ሰው ስለማይኖር በሩን ተረጋግቼ እስለዋለሁ።»

ገበዙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደግ አሰብክ እንደማለት።

እንዝርቱ ቆመ።

«ከበዓሉ በኋላ ማን ይከፍትልሃል?» አለች እናቴ።

ዞር አልኩ።

«የዚያም አገር ገበዝ ገበሬ ነው። በዓሉ ሲያልፍ ቆልፎ ጤፉን ሊያጭድ ይሄዳል። የተዘጋ በር ልታይ ነው ሐይቅ የምትሻገር?»

«እምዬ፣ እኔ...»

«ወንድምህ የጽዮን ዕለት ነበር የሚል። ታቦት ሲወጣ በሩ ሁሉ ወለል ይላል። ሲከፈት ነው እንጂ ተዘግቶማ ጉጡ እንዴት እንደሚዞር በምን ይታያል? ይህን ሁሉ እዚህ ተቀምጦ ነግሮኛል። እናንተ ወንዶች ሰው አትጠይቁም።»

ገበዙ ጎንበስ ብለው መስቀላቸውን ያዙ። እኔ እርሳሴን አወጣሁ። ሃያ ሦስትን ሰርዤ ሃያ አንድ ብዬ ጻፍኩ። የአርባው ተዝካር በአሥራ ስምንት ነው፤ በሃያ ብንነሣ እንደርሳለን። ጮክ ብዬ አልተናገርኩትም፤ እሷ ግን በጣቷ ስትቆጥር አይቻታለሁ።

ከዚያ እጇን ወደ መቀነቷ ሰደደች። ከመቀነቱ ሥር፣ ከከሉ ላይ፣ ወገቧን ሁለት ጊዜ ዞሮ የታሰረ ገመድ ነበር። ሐዘንተኛ ወገቡን ስለሚያስር ማንም ልብ አላለውም። እኔም አላልኩም። ፈታችውና ጭኔ ላይ ጣለችው። ሞቅ ይል ነበር።

«ቋጠሮዎቹን እንዳትነካ» አለች። «የሚካኤል ደጅ ልክ በላዩ አለ። የማርያምን ከዚያ ወዲያ ቋጥር።»

«እሺ፣ እምዬ።»

«ታንኳው ላይ መሐል ነው የምትቀመጥ። ከዳር አይደለም። ጫማህን ለዚያ ለቀልደኛው አስይዘው።»

«እሺ።»

«ጾም ስለሆነ ቂቤ የለበትም። በሶ ደረቁን ነው የማሲዝህ።»

ከዚያ ወዲያ አላየችኝም። እንዝርቷን አነሣች። ገበዙ ገና ያልጠጡት ጠላ ፊታቸው እንደ ቆመ ነበር፤ እስከ ገና እንግዲህ ማንም ቆርቆሮ አይገዛም አሉ፣ ለሳንቃዎቹ ይሁን ለእኛ ሳይለይ።