ብርቱካን ዞር ያለችበት ማክሰኞ

ማክሰኞ ንጋት 12 ሰዓት፣ ናዝሬት

ላንድሮቨሯ እንደ ልማዷ ተገፍታ ተነሳች። ገፊው እኔ ነኝ። ለጋዜጣ የሚጽፍ ሰው እስክሪብቶ ብቻ የሚይዝ ይመስለኝ ነበር።

«ጎበዝ! በርታ!» ይላሉ ሾፌራችን ጋሽ ቱፋ፣ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው።

አጠገባቸው የተቀመጠችው ነርሷ ሲስተር አስካለ ናት። በየሠራተኛው ሰፈር እየዞረች ሕፃናት በዕድሜያቸው ልክ መስማት፣ መናገርና መሄዳቸውን ታያለች። መሣሪያዋ ሁሉ ዘንቢል ውስጥ ነው፦ ቀይ የክር ኳስ፣ ስምንት የእንጨት ኩቦች፣ አንዲት ቃጭል።

«ምርመራ ማለት ይኼ ነው?» አልኳት።

«እስቲ አንተ ደርድራቸው።»

መንገዱ ኮረኮንች ነው። ከሦስት በላይ አልቆመልኝም።

«የዓመት ተኩል ልጅ ነህ» ብላ ሳቀችብኝ።

1 ሰዓት፣ ወንጂ

ግራና ቀኝ አገዳ፣ አሁንም አገዳ። የቆራጮቹ ካምፕ ከፋብሪካው አጥር ጋር ተጣብቋል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ትናንት በድምፅ ማጉያ አስነግረው ኖሮ እናቶች ዋርካው ሥር ሞልተዋል። ልጆቹ ታጥበው፣ ቅባት ተቀብተው ያብረቀርቃሉ። አንዱ ኩቦቹን ደርድሮ ሲያበቃ ስኳር መስሎት አንዱን ነከሰ። ሲስተር አስካለ ጥርሱም ጤነኛ ነው ብላ ጻፈችለት።

ወደ 5 ሰዓት ገደማ

የብርቱካን ተራ ደረሰ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ስድስት ኩብ ደረደረች፤ ከአፏ ግን አንዲት ቃል አልወጣም። ሲስተር አስካለ ከጀርባዋ ሆና ቃጭሏን አቃጨለች። ብርቱካን አልዞረችም። ደግማ አቃጨለች፤ አሁንም የለም።

«ዲዳ ናት ይሉኛል» አለች እናቷ ታደለች። ለአገዳ ሥራ ከከምባታ የመጣች ወጣት ናት። «እውነት ነው ወይ ሲስተር? እማዬ ሳትለኝ ልትቀር ነው?»

ደብተሬን ዘጋሁት።

ሲስተር አስካለ በእጅ ባትሪ የልጅቷን ጆሮ አይታ ቀና አለች።

«ታደለች፣ ጥጥ ትከቺባታለሽ?»

«አዎ፣ ሌሊት ፈረቃ ሲቀየር የፋብሪካው ሳይረን ያባንናታላ! ጠዋት ግን አወጣዋለሁ።»

«የላይ የላዩን ነው ያወጣሽው።»

ሌሎቹ እናቶች መሬት መሬት ያያሉ። ለካ በካምፑ ይህን የማታደርግ የለችም።

ለብ ያለ ዘይት ጠብ አድርጋላት ጠበቅን። ከዚያ በወረንጦ ከግራ ጆሮዋ የጠቆረ ጥጥ ወጣ፤ ከቀኙም ሌላ።

6 ሰዓት

ቃጭሏን ሳናነሳ የቀትሩ ሳይረን ጮኸ። ብርቱካን ክው አለች። ሁለት ጆሮዋን ይዛ ከሳይረኑ በላይ አለቀሰች። እልልታው ቀለጠ።

«አልቅሺ የእኔ እናት፣ አልቅሺ!» ትላለች ታደለች፣ እየሳቀች፣ ራሷም እያለቀሰች። እኔም አልቅሻለሁ፤ አልዋሽም።

«ንግግሩ ቀስ ብሎ ይመጣል። ብዙ አውሪላት» አለቻት ሲስተር አስካለ። «በወሩ አያታለሁ።»

«ዛሬ ሌሊትስ ሳይረኑ ቢቀሰቅሳት?» አለች አንዲት ጎረቤት።

«ይቀስቅሳት!» አለች ታደለች።

10 ሰዓት፣ መልስ

የቀሩት ልጆች ጆሮ ሁሉ ታይቶ አበቃ። ላንድሮቨሯን አሁን የገፉልኝ እናቶቹ ናቸው። ጋሽ ቱፋ ለስንብት ጡሩምባ ነፉ። ከታደለች ጀርባ ላይ አንዲት ትንሽ ጭንቅላት ዞር አለች።