ያልጠራኋቸው የጀልባ ሰዎች

እኔ ውኃ አልወድም። ገና ከጅምሩ ልናገርና ይውጣልኝ። አምስተርዳም ኖርድ መኖር ከጀመርኩ ይኸው ስንት ዘመኔ፣ ወደ መሀል ከተማ የሚያሻግረን ፌሪ ላይ እንኳ የምቆመው መሀሉን ይዤ፣ ዓይኔን ጫማዬ ላይ ተክዬ ነው። ባለቤቴ ደግሞ በጉብዝናው ዘመን ምጽዋ የባሕር ኃይል መርከበኛ የነበረ ሰው ነው። እግዜር ሲያጋጥም እንዲህ ነው፤ ምን ይደረግ!

ሳምንቱን ሙሉ ዛንዳም የካካዎ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሲያገላብጥ ይከርምና፣ ቅዳሜ ሲደርስ ከሰፈራችን ጫፍ፣ ከግድቡ ሥር ወዳለው የጀልባ ክለብ ይሮጣል። ክለብ ስላችሁ የሀብታም ቦታ እንዳይመስላችሁ። ከእንጨት የተሠራ አንድ ቤት፣ ውኃው ውስጥ የገባ የጣውላ መረማመጃ፣ ግራና ቀኝ የታሰሩ ትናንሽ ጀልባዎች፤ በቃ። ቅጥር ሠራተኛ የሚባል የለም። ቡና የሚቀዳው አባል፣ ሣር የሚያጭደው አባል፣ ሽንት ቤት የሚያጥበው አባል ነው፤ ሁሉም በየተራው። አንድ ቀን ሐኪሙ ሽንት ቤቱን ሲፈትግ የአውቶቡስ ሾፌሩ በር ላይ ቆሞ "እዚያ ጋ ቀርቷል" ሲለው ባለቤቴ አይቶ እየሳቀ መጣ።

"አንቺ፣ ይሄ እኮ ዕድር ነው! ፈረንጅም ለካ ዕድር አለው!" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ክለቡ እኛ ቤት ስሙ ዕድር ሆኖ ቀረ።

ከአንዱ አባል አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ በርካሽ ገዝቶ እዚያው አደሰ። "ነይ አብረን እንውጣ" ሲለኝ "ለከርሞ" እላለሁ። ግድቡ ላይ ተቀምጬ ሸራው ከዓይኔ እስኪጠፋ አየዋለሁ፤ ከዚያ ወደ ጓዳዬ።

ባለፈው ዓመት ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ልቡ ቀጥ ብላ ሞተብኝ።

የሐበሻውን ነገርማ ምኑን ልንገራችሁ። ከሮተርዳም፣ ከዴንሃግ፣ ከራይስዋይክ ሳይቀር ሰው ጎርፎ ቤቴ መቀመጫ ጠፋ። የክለቡ ሰዎችስ? ለፍትሐቱ መጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ቆሙ፤ ሁሉም የፈረሙበት ካርድ በፖስታ ላኩ። ከዚያ ጭጭ! አርባው ወጣ፣ ገና አለፈ፣ ከእነሱ አንድም ሰው በሬን አላንኳኳም። እኔ በቱይስዞርግ ሥራዬ የእነሱን አረጋውያን ቤት ለቤት እየዞርኩ ሳጥብና ሳለብስ ውዬ እገባለሁ፤ ሻይ አፈላለሁ፤ ጆሮዬን በሩ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። ሻዩ ይቀዘቅዛል።

"ማማ፣ ለምን አትጠሪያቸውም?" ትለኛለች ልጄ፣ እዚህ ተወልዳ ያደገችው።

"ሐዘንተኛ ቤት በጥሪ ነው እንዴ የሚመጣው? ሠርግ መሰለሽ?"

"ካልነገርሻቸው በምን ያውቃሉ?"

"ይቅርብኝ! ዕድር ነው ብሎኝ ነበር እኮ። የቱ ዕድር ነው እንዲህ የሚያደርገው?"

ሆድ ባሰኝ። እውነቱን ልናገር፤ ቤቴን ከሞላው ወገኔ ሁሉ ይልቅ ዓይኔ የተራበው እነሱን ነበር። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ብርዱ ሲያልፍ፣ የብስ ላይ ወጥተው የከረሙት ጀልባዎች ወደ ውኃ በክሬን የሚወርዱበት ቀን ደረሰ። የክለቡ ደንብ ቁርጥ ያለ ነው፤ በዚያ ዓመት ውኃ ያልገባ ጀልባ የመቆሚያ ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ሰው ይሰጣል። ተራ የሚጠብቀው ደግሞ ብዙ ነው። ያቺ ቦታ ከሄደች፣ ባለቤቴ በዚህ አገር "የኔ" ያላት አንዲት ቦታ ሄደች ማለት ነው። ምን አባቱ፣ ውሰዱት ልላቸው ተነሳሁ። አፌ ነው እንጂ ልቤ እንደዚያ አላለም፤ እግሬ እየተጎተተ ነው የደረስኩት።

የሌሎቹ ጀልባ ሁሉ ተፍቆ፣ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። የእሱ ብቻ አረንጓዴ ቆሻሻ ለብሶ ቆሟል። ማንም እጁን አላሳረፈበትም። የክለቡ ሊቀመንበር አየችኝና ብሩሿን ጥላ መጣች። ከባለቤቴ ጋር ብዙ ጊዜ ውኃ ላይ ትወጣ የነበረች፣ ሰባን ያለፈች ረጅም ሴት ናት። በእኛ ቢሆን እርስዎ ነበር የምላት፤ እሷ ግን አንቺ ካልተባለች ትቀየማለች።

"ስንጠብቅሽ ነበር" አለችኝ።

"እናንተ? እኔን?"

"አዎ፣ እንድትጠሪን። ስንት ጊዜ በደጅሽ አለፍኩ። መብራትሽን አያለሁ፤ ማረፍ ትፈልግ ይሆናል ብዬ እመለሳለሁ። ሳልጠራ እንዴት ሰው ሐዘን ላይ እገባለሁ?"

"ማረፍ!" ብዬ ጮህኩ፤ ሰው ሁሉ ዞረ። "እኔ እኮ ብርዱ ያለቀው በር በር እያየሁ ነው! በእኛ አገር ሐዘንተኛ አይጠራም፤ ሰው ነው የሚመጣው!"

ፊቷ ቲማቲም መሰለ። እኔም ኩም አልኩ። ለካስ እሷ ከመንገዱ፣ እኔ ከመስኮቱ ወዲህ ሆነን ስንከባበር ከርመናል።

"እሺ፣ አሁን ምን ትፈልጊያለሽ?" አለችኝ።

አቤት፣ ሰው መለመን እንዴት ይከብዳል!

"ጀልባው ውኃ ይግባ" አልኩ በመጨረሻ። "እርዱኝ።"

ኧረ እንዴት ብለው እንደተነሱ! አንዱ ይፍቃል፣ አንዱ ውኃ ይረጫል፣ ሌላው ከሥር ተጋድሞ ያሻል። ክሬኑም ከሁሉ በመጨረሻ አንጠልጥሎ አወረደው። ቦታው ተረፈ። እልል ማለት አማረኝና አፈርኩ።

ሊቀመንበሯ ገመዱን አስራ ስትጨርስ "ነገ ቤትሽ ልምጣ? በስንት ሰዓት ይመችሻል?" አለችኝ።

"ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ። ዝም ብለሽ ነይ።"

መጣች። ያለ አፍስፕራክ፣ ቀጠሮ ሳትይዝ፣ ስልክ እንኳ ሳትደውል ሰው ደጅ ቆማ እንደ ሌባ ትሸማቀቃለች። አስገባኋት። ሻይ ቀዳሁላት። ምን ስጠብቅ እንደከረምኩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የሀገሬ ሰው ሁሉ መጥቶ ያወራልኝ እኔው የማውቀውን ባሌን ነው። ሸራው ከጠፋብኝ ወዲያ ያለውን ሰውዬ የሚያውቁት እነዚህ ብቻ ናቸው።

"ውኃ ላይ እንዴት ነበር?" አልኳት።

ፈገግ አለች። "ይዘፍን ነበር። ከመረማመጃው ራቅ እንዳልን ይጀምራል፤ እስክንመለስ አያቆምም።"

ሃያ ምናምን ዓመት አንድ ትራስ ላይ ተኝተናል፤ ባሌ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከንፈሩን ብቻ ነበር የሚያንቀሳቅሰው።

"ምን እያለ?"

"እሱን አላውቅም" አለች። "በእናንተ ቋንቋ ነው። ሁልጊዜ ያው አንድ ዘፈን ነበር።"

"ዜማውንስ?"

ትንሽ አሰበችና በአፍንጫዋ አዜመችልኝ፤ እየሰበረች፣ እያቋረጠች። የማውቀውን ዘፈን ሁሉ በልቤ አገላበጥኩ። አንዱም አልገጠመልኝም።

"እንደገና" አልኳት።